ቅጠሉ ሲገረጣ፣ ሽሪምፑ ሲያልቅ

እ.ኤ.አ. በ1849 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን፣ ቫሊስኔሪያ ከሚባል የውሃ ተክል ጋር፣ ከ50 ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ከሥር አሸዋና ጭቃ አልብሶታል፤ ድንጋይም ደርድሮበታል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሳል፤ እንዲህ ተደጋግፈው ውሃው ሳይቀየር ይኖራሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን የቫሊስኔሪያው አሮጌ ቅጠሎች ይበሰብሱ ጀመር። ውሃው ደፈረሰ፤ መስታወቱን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሸፈነው። ዋሪንግተን ጥቂት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች አምጥቶ ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠልና ዝልግልጉን በሉት፣ ውሃው ጠራ፣ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ሰውየው ያየውን ጽፎ በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ።

ይህን ታሪክ የምወደው ዋሪንግተን የታመመ ቅጠል አይቶ ለቅጠሉ መድኃኒት ስላልፈለገ ነው። የፈለገው በውሃው ውስጥ ሠሪ ያጣውን ሥራ ነው። ዛሬ ተክል በተተከለበት ትንሽ አኳሪየም ውስጥ የቀንድ አውጣውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሽሪምፕ ነው። የረገፈ ቅጠል ይበላል፣ ከድንጋይና ከእንጨት ላይ ስስ አልጌ ይለቅማል፣ ቀኑን ሙሉ እጁ አያርፍም። ተክሉም ሽሪምፑም የሚኖሩት በአንድ ውሃና በአንድ ማዕድን ነው። ባለቤቱ ግን ቅጠል ሲገረጣ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ሽሪምፕ ሲሞት መድኃኒት ይገዛል፤ ሁለቱንም እዚያው ውሃ ውስጥ ያንጠባጥባል። በእኔ ግምት በየቤቱ በበሽታ ከሚያልቀው ሽሪምፕ ይልቅ ባለቤቱ ላድን ብሎ በጨመረው ነገር የሚያልቀው ይበዛል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የማንንም ጠርሙስ ክዳን ከመክፈታችን በፊት ምን ምን ማየት እንዳለብን እንመለከታለን።

በዚህ ምዕራፍ ሽሪምፕ ስል በዋናነት ቼሪ ሽሪምፕ የሚባለውን ማለቴ ነው። የትውልድ አገሩ ታይዋን፣ ቻይናና አካባቢው ነው። በዱር ሲኖር ቡናማና አፈርማ ሲሆን፣ ቀዩ ቀለም አርቢዎች እየመረጡ ያመጡት ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። ሴቷ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎችን ከሆዷ ሥር ይዛ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ያህል ትዞራለች፤ የሚፈለፈሉትም የእናታቸው ትንሽ ቅጂ ሆነው ነው። ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል፤ በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት ውስጥ ሂተር ሳይፈልግ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ክሪስታል ሬድ የሚባለው ቀይና ነጭ የጃፓን ዝርያ ሌላ ነው። እሱ ማዕድኑ ያነሰ፣ ወደ አሲድነት ያደላ ውሃ ስለሚፈልግ ለቼሪው የምንለው ሁሉ ለእሱ አይሠራም።

የትኛው ቅጠል?

ተክሉ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ የገረጣው ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ከጫፍ የሚወጣው አዲሱ? ይህን ሳይመልሱ ማዳበሪያ መግዛት በዕድል ማመን ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተክል ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዥየምን ከአሮጌ ቅጠል ነቅሎ ወደ አዲሱ መውሰድ ይችላል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል አሮጌውን ቅጠል ገፎ ልጁን ያሳድጋል፤ ሕመሙም ከታች ይጀምራል። ብረትንና ካልሲየምን ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ በኋላ መልሶ ማንቀሳቀስ አይሆንለትም። እነዚህ ሲጎድሉ የሚሰቃየው ጫፉ ነው።

በቅርብ እንየው። ሃይግሮፊላ የሚባለው በቀላሉ የሚያድግ ተክል ካለ፣ ከታችኛው ክፍል አንድ ቅጠል ቆርጦ ወደ መብራት ማንሳት ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል ትንንሽ ቀዳዳ ካለበት፣ የቀዳዳዎቹም ዙሪያ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ የጎደለው ፖታሲየም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ “ሽሪምፑ ቅጠሌን በላው” ይላል። ቼሪ ሽሪምፕ ግን ጤነኛ ቅጠል የሚበሳበት አቅም የለውም፤ እሱ የሚለቅመው አስቀድሞ የሞተውን ጠርዝ ነው። ቅጠሉ ሳይበሳሳ በሙሉ ቢጫ ሆኖ እየሳሳ ከረገፈ ናይትሮጅንን እንጠርጥር። ሽሪምፕ ብቻ ባለበት፣ ምግብም በጥቂቱ በሚጣልበት አኳሪየም ይህ የተለመደ ነው፤ ዓሣ በብዛት በሌለበት ናይትሬት የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ነውና። በሌላ በኩል ከጫፍ የሚወጣው ቅጠል ነጣ ብሎ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ነገሩ ወደ ብረት ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ብረቱ ውሃው ውስጥ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። የውሃው ፒኤች ከፍ ሲል ብረት ተክሉ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይዘቅጣል። ርካሽ በሆነው ኢዲቲኤ የታሰረ የብረት ማዳበሪያ ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ብረቱን እየለቀቀ ይሄዳል፤ ዲቲፒኤ የሚባለው ትንሽ ከፍ እስካለ ፒኤች ድረስ ይታገሣል። ስለዚህ ማዕድን በበዛበት ውሃ ውስጥ የብረቱን መጠን እጥፍ ከማድረግ ይልቅ ዓይነቱን መቀየር ይሻላል።

የማግኒዥየም ጉዳይ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ተክሉንና ሽሪምፑን አንድ ላይ የሚያስረው እሱ ነውና። ማግኒዥየም የጎደለው ተክል አሮጌ ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእስራኤል አሽኬሎን ላይ ግዙፍ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ጨዉን የሚያስወግደው ሂደት ማግኒዥየሙንም ጠርጎ ይወስደዋል። ቀድሞ የአካባቢው ውሃ በሊትር ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ማግኒዥየም ነበረው፤ የአሽኬሎኑ የተጣራ ውሃ ግን ምንም የለውም። ይህን ውሃ ያጠጡ ገበሬዎች ቲማቲማቸውና በሶብላቸው የማግኒዥየም ጉድለት ምልክት እያሳየ መጣ፤ በማዳበሪያ መተካት ግድ ሆነባቸው። ነገሩ በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። በአሽኬሎንና በሌሎች የእስራኤል ከተሞች፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚቀዱት ውሃ ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ የመጣ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ካልሲየም ቢመለስበት እንኳ ማግኒዥየም ላይመለስበት ይችላል። በዚያ ውሃ የተሞላ አኳሪየም ውስጥ የተክሉ የታችኛው ቅጠል ሲገረጣና ሽሪምፑ ቅርፊቱን መጣል ሲያቅተው፣ ሁለት በሽታ ሳይሆን አንድ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ቅጠሉ ሁሉ፣ አሮጌም አዲስም ሳይል፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ከሟሟ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛው የገበያ ተክል የሚያድገው ሥሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ቅጠሉ አየር ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ የአየር ቅጠሉን ጥሎ የውሃ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለውማ ቦታው ወይም ውሃው ስለተቀየረ ብቻ ቅጠሉን በሙሉ ሊጥል ይችላል። ሥሩ ጠንካራ ከሆነ ሳይነቅሉ መታገሥ፣ የሟሟውን ቅጠል ግን ቶሎ ማውጣት ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች የመጣው አኑቢያስ ሲበሰብስ ደግሞ ወፍራሙ አግድም ግንዱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ እንደሆነ ይታይ። ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር በክር ይታሰራል እንጂ አይቀበርም።

ብዙዎች የሚረሱት ጉድለት ካርቦን ነው። ካርል ስፕሬንግል በ1828 የጻፈው፣ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በኋላ በዓለም ያሳወቀው ሕግ እንደሚለው የተክል ዕድገት የሚወሰነው ከሁሉ ይልቅ ባነሰው ነገር ነው። ከአየር ብቻ ወደ ውሃ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር ከግማሽ ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም፤ ጋዝ የሚጨምሩ ሰዎች ደግሞ እስከ 30 ሚሊግራም ያደርሱታል። በዚያ ላይ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። ካርቦኑ እንዲህ ጠባብ በሆነበት ቦታ ኃይለኛ መብራት ለ12 ሰዓት ማብራት ተክሉን አይጠቅመውም፤ ብርሃኑን አልጌው ይወስደዋል። መስታወቱ አረንጓዴ እየሆነ ተክሉ ከቆመ መጀመሪያ መብራቱን በቀን ወደ 6 ወይም 7 ሰዓት ማውረድ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሽሪምፕም የማይገድል መፍትሔ ቢኖር ይሄ ነው።

እዚህ ላይ “ፈሳሽ ካርቦን” ተብሎ ስለሚሸጠው ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ከእነዚህ ምርቶች ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው ግሉታራልዲሃይድ ነው፤ የሕክምና መሣሪያ ከጀርም ለማጽዳት የሚያገለግለው ኬሚካል። አልጌ ይገድላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቫሊስኔሪያን ያሟሟል፣ መጠኑ ሲያልፍም ሽሪምፕን ይጨርሳል። እኔ ሽሪምፕ ባለበት ውሃ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

ዓሣው ደኅና፣ ሽሪምፑ ሙት

አንድ ወዳጄ ጠዋት ላይ ደወለ። “ወንድሜ፣ ሽሪምፖቹ በአንድ ሌሊት አለቁብኝ። ዓሦቹ ግን ምንም አልሆኑም፤ ቀንድ አውጣዎቹም መስታወቱ ላይ ይሄዳሉ።”

በዚህ ንግግር ውስጥ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ኦክስጅን ቢያልቅ ዓሦቹ ላይ ላዩን እየተንሳፈፉ አየር ሲለምኑ ይታዩ ነበር። አሞኒያ ቢሆን ዓሦቹም ይታመሙ ነበር። መዳብ ቢሆን ቀንድ አውጣዎቹ አብረው ያልቁ ነበር። ዓሣውንና ቀንድ አውጣውን ትቶ ሽሪምፕን ለይቶ፣ ያውም በሰዓታት ውስጥ የሚጨርስ ነገር አንድ ነው፤ የነፍሳት መርዝ። ሽሪምፕ ለበረሮና ለትንኝ የሩቅ ዘመድ ነው። የነርቭ አሠራሩ ስለሚቀራረብ እነሱን ለመግደል የተሠራው ኬሚካል እሱንም፣ ከዓሣ በጣም ባነሰ መጠን፣ ይገድለዋል።

“ቤት ውስጥ ፍሊት ተነፍቶ ነበር?” አልኩት።

“እኔ አልነፋሁም” አለና ስልኩን እንደያዘ ወደ ወጥ ቤቱ ጮኸ። “እማዬ፣ ሰሞኑን ፍሊት ነፍተሻል እንዴ?”

“በረሮው እኮ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ ልጄ” አሉ እናቱ። “ወደ ዓሣው ግን አልነፋሁም፤ ወጥ ቤት ብቻ ነው።”

እናትየው እውነታቸውን ነው፤ ወደ ዓሣው አልነፉም። የአየር ፓምፑ ግን የክፍሉን አየር እየሳበ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚለቀው። ወጥ ቤት የተነፋው ፍሊት በበር አልፎ ሳሎን ይደርሳል፣ በፓምፑ ይሳባል፣ በአረፋው ይገባል። ስለዚህ ፍሊት የግድ ከሆነ አስቀድሞ ፓምፑን ማጥፋት፣ አኳሪየሙን በደንብ በላስቲክ መሸፈን፣ ከነፉ በኋላ መስኮት ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑን ማብራት ነው። ፍሊት የነካ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ውሃው ውስጥ አይግባ። ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚደረገው አክቲቭ ካርቦን ፊልተሩ ውስጥ ማስገባትና ውሃውን ደጋግሞ መቀየር ነው።

መዳብን ጠቅሻለሁና ስለሱም ልበል። የሽሪምፕ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት አይደለም፤ ሄሞሲያኒን በተባለ መዳብ ባለበት ፕሮቲን ነው። መዳብ ለሕይወቱ ያስፈልገዋል፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሲበዛ ግን በጥቂቱ ይመርዘዋል። የዓሣ ጥገኛ ተባይ የሚያጠፉ ብዙ መድኃኒቶች፣ ቀንድ አውጣ ማጥፊያዎችም፣ መዳብ አለባቸው። ተክል ማዳበሪያ ላይ “መዳብ” የሚል ቃል አይተው የሚደነግጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። እዚያ ላይ መደንገጥ አያስፈልግም። በመለኪያው ልክ እስከተጨመረ ድረስ በማዳበሪያ ውስጥ ያለው መዳብ እጅግ ትንሽ ነው። ሽሪምፑን የሚጎዳው “ተክሉ ቶሎ ይዳን” ብሎ መጠኑን ሦስት እጥፍ ማድረግ ነው።

ዓሣውም ሽሪምፑም ከተጨነቁ ወደ ጋዝና ወደ አሞኒያ እንሂድ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከ6 ብዙም አይዘልም። ሌሊት ተክሉም ራሱ ኦክስጅን ይጠቀማል። የካርቦን ጋዝ የሚጨምር ሰው ሌሊት ሳያጠፋው ካደረ፣ ሽሪምፖቹ መልቀም አቁመው ወደ ውሃው ፊት ሲወጡ ጠዋት ያገኛቸዋል። የባሕር ማዶ መመሪያዎች የሚሰጡት 30 ሚሊግራም በእኛ ከፍታ ለሽሪምፕ ከባድ ነው ባይ ነኝ፤ ከዚያ ብዙ ዝቅ ማድረግ፣ መብራቱ ሲጠፋ ጋዙንም ማጥፋት ይገባል።

የኤሌክትሪክ መብራት ሲቋረጥ የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ፊልተር ውስጥ ነው፤ እነሱም ይተነፍሳሉ። ዝግ የሆነ ትልቅ ፊልተር መብራት ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት ሲቆም ውስጡ ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ውሃው ይከረፋል። መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አኳሪየሙ ይገፋል። ስለዚህ መብራት ረዥም ጊዜ ከጠፋ፣ ከመብራቱ መምጣት በፊት ፊልተሩን ነቅሎ ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍቶ፣ በአኳሪየም ውሃ አለቅልቆ መመለስ ነው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። የሽሪምፕ ግልገልም ስለማይስብ፣ ስፖንጁም ራሱ ለግልገሉ መልቀሚያ ስለሚሆን፣ ለእኛ አገር ሁኔታ ከሱ የተሻለ አላውቅም።

አዲስ አኳሪየም ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪረቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ሽሪምፕ ማስገባት አይገባም። የአሞኒያ መርዝነት ደግሞ በፒኤች ይወሰናል። 25 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል። ውሃው ለረዥም ጊዜ ሳይቀየር የቆየ አኳሪየም ላይ አሞኒያ ተጠራቅሞ ፒኤቹ ወርዶ እንደሆነ፣ ፒኤቹ ከፍ ባለ የቧንቧ ውሃ ግማሹን በድንገት መቀየር ጸጥ ብሎ የነበረውን አሞኒያ መርዝ ያደርገዋል። “ውሃ ቀይሬላቸው ሞቱ” የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሌላው ምንጭ ክሎሪን ነው። በሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ክሎሪኑ አብዛኛው ወጥቶለታል፤ ባለቤቱም ያለ ምንም ማከሚያ መጠቀም ይለምዳል። ውሃ ጠፍቶ በመጣበት ቀን ግን የሚቀዳው ውሃ ትኩስ ክሎሪን ይዞ፣ ደለልም ተሸክሞ ነው። የዚያን ቀን ውሃ አለመቀየር ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የዚያ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ባልዲ ውስጥ በማሳደር አይወጣም። ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ማከሚያ ክሎሪኑን ይሰብራል፣ ከዚያ የሚቀረውን አሞኒያ ደግሞ ተክሉና ፊልተሩ ይወስዱታል። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ከተማው ወደ ክሎሪን ይመለሳል፤ የውሃው ሽታ ከወትሮው ከተለየ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ቅርፊቱን መጣል ያቃተው

ሽሪምፖች በጅምላ ሳይሆን አንድ ዛሬ፣ አንድ ከሳምንት በኋላ፣ በተለይም ውሃ በተቀየረ ማግሥት ከሞቱ፣ መርዝ መፈለግ ትተን ቅርፊታቸውን እናጥና።

መጀመሪያ ግን የሞተው ሽሪምፕ ነው ወይስ የተጣለ ቅርፊት ነው? ሽሪምፕ ለማደግ ቅርፊቱን ይጥላል። የተጣለው ቅርፊት እግርም ጢምም አለው፤ ግን ባዶና እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። የሞተው ሽሪምፕ ደግሞ እንደ ተቀቀለ ሮዝማ ነጭ ሆኖ ይደፈናል። ቅርፊቱን አያውጡት፤ ሽሪምፖቹ በልተው ማዕድኑን መልሰው ይወስዱታል። ሬሳውን ግን ቶሎ ያውጡ።

ጤነኛ ሽሪምፕ ቅርፊቱን የሚጥለው በጭንቅላቱና በጅራቱ መጋጠሚያ፣ ከጀርባው በኩል ብቻ ተሰንጥቆ ነው። በዚያች ስንጥቅ ሰውነቱን አጥፎ፣ ጅራቱን አንድ ጊዜ መትቶ ይወጣል። ስንጥቁ ዙሪያውን ከሄደ ግን ቅርፊቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽሪምፑ በየትኛውም በኩል ተደግፎ መውጣት ያቅተዋል። ይህ ከውጭ ሲታይ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ነጭ ቀለበት ሆኖ ነው። ነጭ ቀለበት ያለበት ሽሪምፕ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም፤ የቀሩትን ለማትረፍ ግን ጊዜ አለ።

ምክንያቱ በብዛት ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የካልሲየምና የማግኒዥየም ማነስ ነው፤ ይህ የሚለካው ጂኤች በሚባለው መለኪያ ሲሆን ለቼሪ ሽሪምፕ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ማዕድኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሽሪምፕ ገዝቶ የተሳካለት ሰው ሰፈር ሲቀይር ሊቸገር ይችላል፤ መለኪያውን ማየት ነው እንጂ በጎረቤት ልምድ መሄድ አይሆንም። በተቃራኒው ውሃው በማዕድን ብዛት ጠንክሮ ቅርፊቱ ከልክ በላይ ሊወፍርም ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ላይ ይህን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ግማሹን ውሃ በቀዝቃዛና በማዕድኑ በሚለይ ውሃ መተካት ሽሪምፑን ጊዜው ሳይደርስ ቅርፊት ያስጥለዋል፤ ከሥር ያለው አዲስ ቅርፊት ገና አልተዘጋጀም። በሳምንት ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ፣ ሙቀቱን አመሳስሎ፣ በቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ ማስገባት ነው። የተነነውን ውሃ በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ለወራት ማዕድኑን ያጠራቅማል፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ማዕድኑ አይደለምና። ለዚህ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ ውሃ ይሻላል፤ የዝናቡ ግን ከአሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ የተጠራቀመ ይሁን።

ትልልቆቹ ደኅና ሆነው ግልገሎቹ ብቻ ከጠፉ ውሃው ላይጠየቅ ይችላል። አብዛኛው ዓሣ አፉ የሚችለውን ግልገል ሁሉ ይበላል፤ ለመደበቂያ ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ሞስ ያስፈልጋል። መስታወቱ ላይ የሚሳቡ ነጭ ቀጫጭን ትሎች አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። ጭንቅላቱ እንደ ቀስት ጫፍ ሦስት ማዕዘን የሆነው ጠፍጣፋ ትል፣ ፕላናሪያ፣ ግን ግልገል ያድናል። ለበግና ለፍየል የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት በጣም በትንሽ መጠን ፕላናሪያን ገድሎ ሽሪምፑን ይተዋል፤ ኔራይት የሚባሉትን ቀንድ አውጣዎች ስለሚጎዳ እነሱን አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲገጥም ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አየር ጨምሩ። የካርቦን ጋዙንና ማዳበሪያውን አቁሙ። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ፒኤችና ጂኤች ለኩና ጻፉ። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከተገኘ ምግብ አቁማችሁ በታከመና በተመሳሰለ ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀይሩ። ልኬቱ ሁሉ ደኅና ከሆነ ባለፉት ቀናት ወደ ቤቱም ሆነ ወደ ውሃው የገባውን አዲስ ነገር አስቡ፤ ፍሊት፣ የመስታወት ማጽጃ፣ አዲስ ድንጋይ፣ አዲስ ተክል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይሩ፤ ሦስት ነገር ቀይሮ የተሻለው የትኛው እንዳዳነ አያውቅም፣ የባሰበትም የትኛው እንደገደለ አያውቅም።

አዲስ ተክል ያልኩት በምክንያት ነው። ከድንበር የሚያልፍ የተክል ንግድ ከተባይ ነፃ መሆንን ስለሚጠይቅ ተክሎቹ በነፍሳት መርዝ ተነክረው የሚላኩበት ጊዜ አለ። መርዙ ቅጠሉ ላይ አይታይም፣ አይሸትም። ተክሉ ያምራል፣ ዓሣው ደኅና ነው፤ ሽሪምፑ ግን በማግሥቱ በጀርባው ተገልብጦ እግሩን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከሱቅ የመጣ ተክል ከማሰሮው ይውጣ፤ ሥሩን የያዘው ጥጥ መሳይ ነገር መርዙን ስለሚይዝ በሙሉ ተለቅሞ ይጣል። ከዚያ በባልዲ ውሃ፣ በመስኮት ብርሃን አጠገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ውሃው በየቀኑ ይደፋና በአዲስ ይተካ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድ ወይም ሁለት ሽሪምፕ ባልዲው ውስጥ ይግቡና ሁለት ቀን ይቆዩ። እየለቀሙ ከቆዩ ተክሉን ወደ ዋናው ውሃ ማስገባት ይቻላል።